ድንበሩ የሚሄድባት መንደር

እንግሊዝን በባቡር መስኮት ላያት አገሩ ሁሉ አጥር ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርላማው በየመንደሩ አዋጅ እያወጣ የጥንቱን የጋራ ማሳ ሸንሽኖ አሳጠረው። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለችው ላክስተን ግን ሳትታጠር አመለጠች። እዚያ ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሉ፤ አንዱ ስንዴ ሲዘራበት ሁለተኛው ሌላ ሰብል ይይዛል፣ ሦስተኛው ጦሙን ያድራል፤ በየዓመቱ ተራ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው ውስጥ ቁራጭ ቁራጭ መሬት አለው። እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራው ካርታ ከ2,000 በላይ ቁራጮች ያሳያል። በመካከላቸው አጥር የለም። አጥር የሌለው መሬት ደግሞ ጎረቤትን ይፈትናል።

ስለዚህ በየዓመቱ በኅዳር 12 ገበሬዎች ዳኛ ሆነው፣ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተጭነው፣ ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ሊመረምሩ ይወጣሉ። እኔም በዚያው ቀን ደርሼ፣ በከተማ ጫማዬ ጭቃውን እያቦካሁ ተከተልኳቸው። የማን ማረሻ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ሣሩ እንደገባ ያያሉ፤ ይለካሉ፤ ይከራከራሉ፤ ሲስማሙ የእንጨት ችካል ይቸክላሉ። ለአንዲት ትልም የሚያሳዩት ቁም ነገር የሁለት መንግሥታት የድንበር ኮሚሽንን ያስንቃል።

አንድ አዛውንት ዳኛ ዞር ብለው፣ "እናንተ አገር ድንበር የሚገፋ ሰው አለ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም! እኛ ዘንድ ድንበሩ ራሱ ነው ማታ ማታ የሚሄደው።"

"እዚህም እግር አለው" አሉ ፈገግ ሳይሉ፤ "ችካሉን የምንመታው ለዚህ ነው።"

ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ፤ ዶቭኮት ኢን ወደተባለው መጠጥ ቤት። በሳምንቱ ድንበር የገፋውን የሚቀጣው ችሎት የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ1977 ፓርላማው የጥንት ባለርስቶችን ችሎቶች ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ሳይነካ ትቶታል። የመንደሯ ባለርስትም ቢሆን ይለዋወጣል፤ በ1952 መሬቱን የግብርና ሚኒስቴር ገዛው፣ በ2020 ደግሞ ወደ ቶርስቢ ርስት ዞረ። ችካል መምታቱ ግን አልቀረም።

"ታዲያ የተቀጣው ሰው ቢቀየምስ?" አልኳቸው አዛውንቱን፣ ብርጭቋቸውን እስኪያስቀምጡ ጠብቄ።

"ይቀየማ! ተራው ደርሶ ዳኛ ሲሆን የኔን ትልም ይለካ የለም?"

ቅጣቱ ለምን ከጥቂት ፓውንድ እንደማያልፍ ያን ጊዜ ገባኝ።