ስለ መኪና ክርክር

በአሜሪካ አገር የሽንኩርቱም የጫማውም ዋጋ አስቀድሞ ተቈርጦ፣ ገዢው አፉን ሳይከፍት ከፍሎ እንዲወጣ በተሠራው ሥርዓት ውስጥ፣ ከመርካቶ ለመጣ ሰው አንደበቱን ከዝገት የሚያድንበት አንድ ቦታ ቢቀርለት አዲስ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ነው። እርግጥ በፈረንጆች 1958 የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባስወጡት ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ የፋብሪካው ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፤ ነገር ግን ሕጉ ዋጋው እንዲጻፍ እንጂ እንዲጸና ስላላዘዘ፣ ወረቀቱ የክርክር መነሻ ሆኖ ቀረ።

ይህን በማሰብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ለመግዛት በተነሣሁ ጊዜ፣ እኔን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡትን፣ ዕድሜያቸውን መርካቶ በበርበሬ ንግድ ያሳለፉትን አክስቴን ይዤ ሄድሁ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ለዚህ ሥራ ግን አለመስማት ራሱ ሀብት ነው፤ ሻጩ ስለ መኪናው የሚደረድረው ውዳሴ ሁሉ ከጆሯቸው ሳይደርስ ይቀር ነበርና።

ገና ስንቀመጥ ሻጩ «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?» አለኝ። ተረጐምሁላቸው።

«ቤት ልንከራየው ነው እንዴ በወር የሚለን? የመኪናውን ዋጋ ይንገረን!»

ይህች ቃል ያዳነችውን ገንዘብ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል፦ 30,000 ዶላር በመቶ 6 ወለድ በ60 ወር ሲከፈል በወር 580 ዶላር ግድም ይመጣል፤ ወሩን 84 ቢያደርጉት ወደ 438 ወርዶ ለዓይን ያምራል፤ ዳሩ ግን ሰባት ዓመቱ ሲፈጸም 2,000 ዶላር ያህል ትርፍ ወለድ ተከፍሎ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ሻጩ ዋጋ በተጠራ ቍጥር «አለቃዬን ልጠይቅ» እያለ ወደ መስታወቱ ክፍል ይመላለስ ጀመር፤ ዲያቆን ከመንጦላዕት ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እርሱም ፊቱን አክብዶ ይወጣና ከማናየው አለቃ የተገኘችውን ምሕረት፣ ማለት የ200 ዶላር ቅናሽ፣ ያሰማናል። አክስቴ ይህን ጥቂት ታገሡና፣ «ይኸ ልጅ ሥልጣን ከሌለው ምን ያደርቀናል? ተነሥ እንሂድ!» አሉ። በመርካቶ ደንብ ገዢ ሲነሣ፣ ሦስተኛው ሱቅ ሳይደርስ «ኧረ ይመለሱ እትዬ!» የሚል ድምፅ ይከተለዋል፤ እዚህ ግን የአሮጌውን መኪናዬን ቁልፍ «እንገምተው» ብለው ወስደውት ኖሮ፣ መሄጃ አልነበረንም።

«መያዣ ይዘውናላ!» አሉ አክስቴ ተመልሰው እየተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካክለው፣ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው መቈርጠም ያዙ። እስከ ማታ ለመክረም የተዘጋጁ መሆናቸውን ያየ ሁሉ ስለ ተገነዘበ፣ ምሕረቱ ከዚያ ወዲያ በላይ በላዩ ይወርድልን ጀመር።

በውል ክፍሉ ስለ ዝገት መከላከያ ቅባትና ስለ ተጨማሪ ዋስትና የተሰበከውን ረጅም ስብከት እተወዋለሁ፤ አክስቴ «አሁን አዲስ ነው ብለው ሸጠውልን፣ ሳንወጣ ይበላሻል ይሉናል?» ባሉ ጊዜ ተዘግቷል።

ዋጋው ተቈርጦ፣ እጅ ልንጨባበጥ ስንል፣ «ምራቂስ?» አሉ። ሻጩ ላብ እየጠረገ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን ብቻውን አልወጣም። ያ የማይታየው አለቃ ራሱ፣ የሸሚዙን እጅጌ የሰበሰበ ወፍራም ሰው፣ ሁለት የፊት ወንበር ምንጣፍ ታቅፎ መጣና ለአክስቴ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እርሳቸውም ተቀብለው፣ አገላብጠው ዐይተው፣ «የኋላዎቹስ?» አሉት።