ሌሊት የሚያጉረመርም መኪና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ! ልጄ የሞቀ ቤት እያለው ሌላ ቤት ገዛ፤ ያውም ጎማ ያለው። ካምፐር ቫን ይሉታል። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ያን ሁሉ ክፍል ቆልፎ ቅዳሜና እሁድ ተራራ ሥር ሄዶ መኪና ውስጥ ይተኛል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት እያሉ ሲኮሩም እሰማለሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና እኛ መቼ አወራን?

እኔ ኤን ስሪ ፊያት ይዤ አሰብ ስመላለስ ጋቢና ውስጥ ያደርኩት ማደሪያ አጥቼ እንጂ አምሮኝ አልነበረም። ውሃችን በጀሪካን ነው። ካፈሰሰ ቀዳዳው ይታያል፤ ረዳቱ ሳሙና ይደፍንበታል፤ ሚሌ ሳንደርስ ተረስቷል።

የዚህ ቫን ቀዳዳ ግን አይታይም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሠሩት ሰዎች ቧንቧ መደበቅ ጨዋነት መስሏቸው በአልጋው ሥር፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባ ካዞሩት በኋላ ኮምፔንሳቶ ገጥመው በብሎን ጠርቅመውታል።

ማፍሰሱን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። በዚህ ዕድሜ ማን ይተኛል? ቫኑ ውስጥ ሁሉም ሲያንኮራፋ የውሃው ፓምፕ "ግርርር" አለና ዝም አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ግርርር"። ይህ ፓምፕ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ነው፤ ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳልና ይነሳል፤ ሲዘጋ ግፊቱ ሞልቶ ያጠፋዋል። እንግዲህ ማንም እጁን ሳይታጠብ ፓምፑ በሌሊት ከተነሳ ውሃው በሌላ በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው። ጠዋት ብነግረው ልጄ ስልኩን አውጥቶ አየና "አባዬ፣ ታንኩ እኮ አልጎደለም" አለኝ። ጠብታ በአንድ ሌሊት ታንክ አታጎድልም፤ እንጨት ግን ታበሰብሳለች። ይህንን ለተማረ ሰው ማስረዳት እንዴት ይከብዳል!

ምራቴ ይባርካት፣ ሶፍት አመጣችልኝ። ኮምፔንሳቶውን ፈትተን፣ ቱቦውን በጨርቅ አድርቀን በየመገጣጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፍንና ፓምፑን አስነሳን። ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ራሰ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ! ባለፈው የበረዶ ወራት ውሃውን ሳያፈስሱ አቁመውት ከርሟል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ፔክስ የሚሉት ቱቦ ትንሽ ይለጠጥለታል፣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ግን ምን አንጀት አለው!

ልጄ ሙጫ እንቀባው አለ። ሙጫ! ግፊት ያለበት ውሃ ሙጫን መቼ አክብሮ ያውቃል? ዕቃ መሸጫ ሄድን። እዚያ ደግሞ ግማሽ ኢንች የሚሉት ቱቦ በውጭ ሲለካ ግማሽ ኢንች አይደለም፤ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው። ስሙ ሌላ፣ ልኩ ሌላ። አዲሱ መገጣጠሚያ ግን ጥቂት ዶላር ነው፤ ቱቦው ሳይገፉት አይገባም፣ ከገባ ተጎትቶ አይወጣም።

ችግሩ መግጠሚያው ቦታ ነው። የኔ እጅ ይገባል፣ ክንዴ አይከተልም። ልጄ ሆዱ አያስጠጋውም። የቀረችው የልጅ ልጄ ናት። ፓምፑን አጠፋን፤ ግፊቱ እንዲወጣ ቧንቧውን ከፈትን፤ ባትሪ እያበራሁ "ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ እንዳይንጋደድ" እላታለሁ። የተቆረጠውን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰች፤ ሻካራ ከሆነ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ኦሪንግ የሚሉትን የጎማ ቀለበት ይቧጭረዋል። ምን ያህል መግባት እንዳለበት በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁላት። "አባባ፣ መስመሩ ጠፋ!" አለች። እሱ ነው እንግዲህ፣ ገብቷል። አባቷ ሁለት ዲግሪ አለው፤ ቪዲዮ ያነሳ ነበር።

ለሚቀጥለው ብርድ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ሮዝ ፈሳሽ ይጨመራል አሉ። የሞተሩ መርዛማ አንቱፍሪዝ እንዳይሆን ብዬ ጠርሙሱን እስክጠግብ አንብቤያለሁ፤ ለመጠጥ ውሃ መስመር ተብሎ የተሠራው ሌላ ነው። ኋላም በውሃ ታጥቦ ይወጣል።

አሁን ጠቡ በኮምፔንሳቶው ነው። ልጄ መልሰን እንጠርቅመው ይላል፤ ክፍት ከሆነ ያስጠላል አለ። አልጋ ሥር ማን ያየዋል? ትንሽ በር ይቆረጥለት ብዬ ለመንኩ፣ አልሰማም። እኔም ኮምፔንሳቶውን ወስጄ ክፍሌ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ጆሮዬ አይሰማም።