ፍሪ ሳይዝ

ፍሪ ሳይዝ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ፣ ለአንዲት ቀጠን ያለች ልጃገረድ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ቀሚስ፣ ጉርድ፣ ሹራብና ካፖርት ሆኖ ይገኛል። ከሌላ ልብስ የሚለየው በአንድ ጠባዩ ነው፤ አልገባም ካለ ጥፋቱ የገላ እንጂ የልብሱ አይደለም።

ላይ ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ንፋስ መውጫ ከተማ የሚደርሰው በወረታ–ወልድያ መንገድ ተጭኖ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሴቶቿ ከቀሚስ ሥር ሹራብ ይደርባሉ። ፍሪ ሳይዝ ለሹራብ የሚሆን ቦታ አልተወም። ስለዚህ ደንበኛዋ ወይ ሙቀቱን ወይ ፋሽኑን ትመርጣለች፤ ሁለቱንም መመኘት ስስት ነው።

አለካኩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሻጩ ደንበኛዋን ከላይ እስከ ታች ያይና “ላንቺ የተሰፋ ነው” ይላል። ቀጥሎ ቀሚሱ ከለበሰችው ላይ ይጠለቃል፤ ራስ ያልፋል፣ አንድ እጅ ይገባል፣ ሁለተኛው ክርን ላይ ይቀራል። ሻጩ ከኋላ ሆኖ ጫፉን በሁለት እጁ እየጎተተ “ይለጠጣል እኮ እታለሜ!” ይላል። ብብቱ ጠረር ሲል ሦስተኛው ደረጃ ይመጣል፤ ሻጩ ሐኪም ሆኖ “ትንሽ ብትቀንሺ ጥሩ ነው” የሚል ምክር በነጻ ይለግሳል። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ሱቅ የቦርጭ ቀበቶ ይሸጣል። እሱም ፍሪ ሳይዝ ነው።

በዚህ አገር “ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል” ማለት ሙገሳ ነበር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ እንዲህ ባለ ቀዬ ሥጋ መያዝ የጥጋብ ምስክር ነው። ፍሪ ሳይዝ ምስክሩን ተከሳሽ አደረገው። ቀጭኗም አልዳነችም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ የቀጠኑ፣ 8 በመቶው ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበሩ። ቀሚሱ አንዷን ያንቃል፣ ሌላዋ ላይ እንደ ስልቻ ይንጠለጠላል፤ በዚህ ረገድ አድልዎ የለበትም።

የቀድሞው አሠራር ጣጣው ብዙ ነበር። ሸማኔው በክንድ ይለካል፤ የአገር ቀሚስ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋና በመቀነት ይታሰራል፤ ባለቤቲቱ ብትወልድም ብትወፍርም መቀነቱን ማላላት ይበቃታል። በዚህ ሁኔታ በየጊዜው አዲስ ልብስ መሸጥ አይቻልም፤ ንግዱም አያድግም።

አንድ ልክ የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ይቀድዳል፣ አከፋፋዩ በቁጥር አይለይም፣ ቸርቻሪውም ትልቁ ቁጥር ይከርምብኛል ብሎ አይሰጋም። አገሪቱ ቁጥር መለየት ተስኗት አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ከትንሽ እስከ ትልቅ በቁጥር ለይቶ ነው። ወፍራም ፈረንጅ ልኩ ይታወቅለታል፤ ወፍራም ጋይንቴ ግን ራሷን ታስተካክል።

የተሸጠ ዕቃ ስለማይመለስ ቀሚሱ በመጨረሻ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቧን ይለካል፣ የጎኑን ስፌት ይተረትራል፣ ጨርቅ ይቀጥልበታል። ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች፤ አንድ ጊዜ ሳትለካ ለተሸጠላት፣ አንድ ጊዜ ተለክታ ለተሰፋላት።