ዕድሜ ለኤክሴል!

ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ይባላል። ያኔ ኤክሴል ቢኖር ኖሮ ገና በ10 ዓመቱ ከመዝገብ ይሰረዝ ነበር።

አቡዳቢ፣ ሙሰፋ ውስጥ የምሠራበት ድርጅት የሂሳብ ሹም ይህን ጥበብ ተክኖበታል። ዕቃ ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚሞትበትን ዓመት ይጽፍለታል፤ ኮምፒውተር 4፣ መኪና 5፣ ኤሲ 10። የት ነው የሚሠራው? በቀን ስንት ሰዓት? ማን ያጸዳዋል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ለመካኒክ እንጂ ለሊቅ አይመጥንም።

ባለፈው ጁላይ የቢሯችን ኤሲ 10 ዓመት ሞላው። ጤነኛ ነበር፤ እንዲያውም ሹራብ ደርበን ነበር የምንሠራው። ሰንጠረዡ ግን ዋጋውን ዜሮ ስላደረገው ወርዶ በአዲስ ተተካ። በዚያው ሳምንት፣ ሠራተኛ በሚያድርበት ካምፕ ጣራ ላይ ያለው መንትያው፣ በአንድ ደረሰኝ የተገዛው፣ ዕድሜው ወደ 15 ከፍ እንዲል ተወሰነ። ጸበል ገብቶ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ያጓራል፤ ክንፎቹን አሸዋ ደፍኗቸዋል፤ የውስጡ ክፍል የሚያንጠባጥበውን ውሃ አልጋ መሀል የተደቀነ ባልዲ ይቀበላል። ቴክኒሻኑ ማጣሪያ ይገዛልኝ ብሎ ቢጠይቅ የጥገና በጀት እንዳልተያዘ ተነገረው። አምስት ዓመት የተመረቀለት ዕቃ ደግሞ ማጣሪያ ምን ያደርግለታል? የአገሩ ሕግ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት፣ ሰው ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ኤሲው ሰው ባለመሆኑ ይሠራል።

በከተማው ደረጃ ሲታይ የእኛ ሹም ገና ጀማሪ ነው። ሚና ዛይድ ወደብ አጠገብ የነበሩት የሚና ፕላዛ ሕንፃዎች ተጀምረው ሳያልቁ ዓመታት ቆሙና ኖቬምበር 27 ቀን 2020 በፈንጂ ወረዱ፤ 144 ወለል በ10 ሴኮንድ። በፈንጂ ከፈረሱ ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎም 165 ሜትሩ ጊነስ ላይ ሰፈረ። ተከራይ ሳይረግጠው ለዓለም ክብረ ወሰን የበቃ ንብረት ይህ ነው! የጥገና ወጪውም፣ አንድ ቀን ስላላገለገለ፣ ንጹሕ ዜሮ።

አገር ቤትማ ይህ ሁሉ ጥድፊያ የለም። በመሥሪያ ቤቱ ጓሮ የቆመው ላንድክሩዘር የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ሣር ይበቅልበታል።

ወደ አል አይን ብትወጡ ግን የሚያሳዝን ኋላቀርነት ታያላችሁ። ሂሊ ላይ የተቆፈረው ፈለጅ፣ ውሃ ከሩቅ በምድር ውስጥ የሚያመጣው ቦይ፣ 3,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። የከተማዋ ጥንታዊ ቦታዎችም በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። እነዚያ ምስኪኖች ለቦዩ ዕድሜ አልቆረጡለትም። እንደ እኛ የውሃ አባት ያለ ሹም አቁመው ተራ ሲያስከብሩና ደለል ሲያስጠርጉ ኖሩ። ሼክ ዛይድም ከ1946 ጀምሮ የአካባቢው ገዢ ሳሉ ፈለጆቹን አስጠረጉ፤ ሳሩጅ የተባለውን አዲስ ፈለጅ ለመጨረስ ብቻ 18 ዓመት ፈጀ። በእኛ ሰንጠረዥ ቢሆን ቁፋሮው ሳያልቅ ዋጋው ዜሮ ገብቶ፣ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳሉ ይሰረዝ ነበር። ደግነቱ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ስለሄደ ዛሬ ፈለጆቹን የሚመግበው ፓምፕ ነው። ፓምፕ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን አለው። እልል በሉ!

ባራካ ላይ ያሉት አራቱ የኑክሌር ማብላያዎች ለ60 ዓመት ታስበው መሠራታቸውን ለሂሳብ ሹማችን እንዳትነግሩብኝ። 60ውን ወስዶ ለካምፑ ኤሲ ይሰጠዋል፤ ፍተሻውን እዚያው ባራካ ይተወዋል።

እኛም በሰንጠረዡ ባንገባም ዘመናችን ተቆርጧል፤ የሥራ ፈቃዳችን ሁለት ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ችግራችን አንድ ብቻ ነው፦ ዋጋችን በየዓመቱ አይቀንስም። ሕጉ ለስንብት ክፍያ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ያሰላል፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የ30 ቀን። ስናረጅ የሚወደድ ንብረት መሆናችን ነው። ስለዚህም ነው መሰለኝ፣ አምስተኛው ዓመት ሲቃረብ የሂሳብ ሹማችን ለዓመታት ረስቶን ከርሞ ድንገት ስለ ጤናችን የሚጠይቀን።