ሚጡ፣ ይህቺን ገጽ እለፊያት

ሬይክያቪክ፣ አይስላንድ
ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለጋሼ፣ ለእቴቴ፣ እንዲሁም ባይገባትም ለሚጡ፤

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከሽታው በቀር። ሽታውን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እማዬ፣ መነጽርሽ እስኪገኝ ሚጡ ታንብብልሽ። ባለፈው ፍሪጅ ውስጥ ነበር የተገኘው፤ አሁንም እዚያው እዩ። ሚጡ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢ። መቀነስ ያለብሽ ቦታ ስንደርስ እኔው እነግርሻለሁ።

የሥራ ልምምዱን ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። እማዬ፣ ለዕድሩ ሁሉ «ልጄ ለአውሮፓ መብራት ሊሠራ ሄደ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የተሰጠኝ መሣሪያ ብሩሽ ነው። ከምድር ሆድ የሚወጣው ፍል ውኃ ሲሊካ የሚባል ነገር አዝሎ ይመጣና ሲቀዘቅዝ የቧንቧው ውስጥ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ታውቂው የለ? ይኼኛው ግን ድንጋይ ነው። እሱን እፍቃለሁ። ለዚህ ነው እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ቴርሞዳይናሚክስ ስሸመድድ ሻማ ያስጨረስኩሽ። ጋሼ እንዳይስቁ፤ አዲስ አበባ ተለማማጅ ሳለሁ ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ማኅተም የያዘችውን ሴትዮ መፈለግ ነበር። ብሩሽ ዕድገት ነው።

ሥራው ግን ሥራ ነው። ጉድጓዱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከሰፈራችን እስከ ለገሃር ያለውን መንገድ አቁመሽ ወደ ታች ትከዪው። እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ የተረፈው ፍል ውኃ ደግሞ ቀዝቃዛውን አሙቆ ወደ ከተማ ይልከዋል። ነስያቬትሊር ከሚባለው ጣቢያ የሚነሳው ሙቅ ውኃ በቧንቧ 27 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከተማ ሲገባ የሚቀንሰው ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሚጡ የምታመጣው ሻይ ከማድ ቤት ሳሎን እስኪደርስ በረዶ ይሆናል። (ሚጡ፣ ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።)

ሽታው ታዲያ ይኸው ውኃ ነው። ከቧንቧው የሚወርደው ሙቅ ውኃ የተበላሸ እንቁላል፣ የተበላሸ እንቁላል ይላል። አብሮኝ የሚኖረው ኬንያዊ ነው፤ ይህን ሳናውቅ ሦስት ቀን ሙሉ እሱ የእኔን ጫማ፣ እኔ የእሱን ተደባብቀን ስናሸት ከረምን። በአራተኛው ቀን እጅ ከፍንጅ ተያዝን። ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ነን፤ የምንጣላው በሜጋ ዋት ብቻ ነው። «ከእኛ አገር በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ኤሌክትሪክ የምትገዙ እናንተ አይደላችሁም?» አልኩት። «እሱስ እሺ» አለ፤ «የእኛ ኦልካሪያ ብቻውን ከ700 ሜጋ ዋት በላይ ከእንፋሎት ያወጣል። የእናንተ አሉቶስ?» ላንጋኖ አጠገብ፣ ጋሼ መኪናው ፈልቶባቸው እኛን ያስገፉን ቦታ ላይ ያለውን ማለቱ ነው። ሰባት ነጥብ ሦስት አልኩት፤ ነጥቧን ጠበቅ አድርጌ።

እዚህ አገር ደስ ያለኝ ስማቸው ነው። እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ጣጣ የላቸውም፤ የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶቲር፣ አለቀ። ፕሬዚዳንታቸውን እንኳ ሃላ ነው የሚሏት። አቶ የለ፣ ወይዘሮ የለ፣ አንቱታ የለ። እኔ ግን የአባቴን እኩያ አለቃዬን በባዶ ስሙ ልጠራው አፌ እምቢ አለኝና «ጋሽዬ» አልኩት። አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሽዬ ነው የሚለው፤ የማዕረግ ስም መስሏቸዋል።

ሚጡ፣ ከዚህ ጀምሮ ያለውን እለፊው። እማዬ ከጠየቀችሽ «ከዚህ በኋላ ሰላምታ ብቻ ነው» በያት።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ጋሽዬ «ገንዳ እንሂድ» አለኝ። ገንዳ እዚህ እንደ እኛ ቡና ቤት ነው፤ ሐሜቱም ፖለቲካውም የሚብላላው ፍል ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው። ሄድኩ። ልብስ መለወጫው ግድግዳ ላይ የሰው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ራሱ፣ ብብቱ፣ እግሩና ሌላም ስሙን የማልጠራው ቦታ በቀይ ተቀብቷል። ገንዳ ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን በሳሙና ታጠቡ፣ የዋና ልብሳችሁን አውልቃችሁ፣ ነው ነገሩ። ክሎሪን ብዙ ስለማይጨምሩበት ነው አሉ።

ሥዕሉን እንዳላየ ሆኜ ከነቁምጣዬ ውኃው ሥር ሮጥ ብዬ ላልፍ ስል አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሥራው ሰው መታጠቡን ማየት ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል! ቁምጣዬን በጣቱ አሳየኝ። ፈገግ አልኩለት። እሱ አላለም። ተመልሼ ፎጣ አገልድሜ መጣሁ። ፎጣውን አሳየኝ። በሦስተኛው ስመጣ በላዬ ላይ የቀረው እቴቴ ያሰሩልኝ ማተብ ብቻ ነበር። ይህንንም እንዳያስወልቀኝ በአንድ እጄ ጨበጥኩት። ሌላው እጄ የት እንደነበር ገምቺ።

ይኼኔ ጋሽዬ እንደተወለደ ሆኖ መጣና አጠገቤ ሳሙናውን እያሸ «የሰባተኛው ጉድጓድ ግፊት ዛሬ ስንት ነበር?» አይለኝም? አሥራ ስምንት ባር አልኩት። «ትናንትስ?» አለ። የዛሬውንም ያስታወስኩት በማርያም ነው። በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ አንድ ረጅም ሰው ገባ። እሱም እንደተወለደ። ጋሽዬ በደስታ «ና፣ ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ላስተዋውቅህ» አለኝ።

ሚጡ፣ አስቢው። እቴቴ ያሳደጉኝ ትልቅ ሰው በሁለት እጅ እንድጨብጥ ነው። ሁለት እጅ ለሰላምታ፣ አንድ ለማተብ፣ አንድ ለነውር፤ እግዚአብሔር የሰጠኝ ግን ሁለት ብቻ። አስተዳደግ አሸነፈና ሁሉንም ለቅቄ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ጎንበስ ብዬ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ የአገራችን ልማድ መሆኑ ሲገባው እሱም ጎንበስ አለ። ግንባራችን ተጋጨ። ያ ሽማግሌ ያን ጊዜ ሳቀ።

አሁን ጮክ ብለሽ ቀጥዪ።

ገንዳው ውስጥ ስለ ፍል ውኃ አጫወትኳቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃው አጠገብ ሰፍረው የከተማችንን ስም እንዳወጡ፣ እቴቴም ለጉልበታቸው ወረፋ ይዘው ገብተው «ሰዓት አልቋል» ሲባሉ «ጉልበቴ ገና ነው» እንደሚሉ ነገርኳቸው። በጣም ወደዱት። የእነሱም ከተማ በእንፋሎቱ ነው የተሰየመችው፤ ሬይክያቪክ ማለት የጭስ ወሽመጥ ማለት ነው አሉኝ። ያንኑ እንፋሎት አይተው እነሱ ጭስ አሉት፣ እቴጌ አዲስ አበባ አሉ። ቢያንስ በስም ማውጣት በልጠናቸዋል።

ማክሰኞ ዕለት ለጥገና ቆሞ የነበረው ተርባይን ተነሳ። መቆጣጠሪያ ክፍል ቆሜ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከዜሮ ፈቀቅ ሲል ሳላስበው «መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምኑ? አሉ። በሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ከኮንዶሚኒየሙ ጀምሮ እስከ ቀበሌ ቤቱ ድረስ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል አንድ ላይ እንደሚጮህ አስረዳኋቸው። «እናንተስ ሲመጣ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተያዩ። አንዱ ብቻ ልጅ ሳለ ማዕበል ያጠፋባቸውን አንድ ቀን አስታወሰ።

እዚህ መብራት አይሄድም። በዚህ ሰሞን ፀሐይዋም ለመሄድ እምቢ ብላለች፤ ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ አምፖል ሳላበራ። ትናንት ማታ ቡና አፈላሁ። ቀድቼ ቀና ስል አምስት ሲኒ ደርድሬያለሁ። ኬንያዊው ሻይ ነው የሚጠጣው። ጥቂት ተቀምጬ ሲኒዎቹን አየኋቸው፤ ከዚያ ላለማባከን አምስቱንም ጠጣሁ። ዓይኔ ሳይከደን ነጋ፤ ሳይመሽ ከነጋ ማለቴ ነው። ጋሽዬ «ዓይንህ ምን ሆነ?» ሲለኝ ፀሐይዋ ናት አልኩት።

እማዬ፣ የሰኔን ጾም እየጾምኩ ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እቴቴና ጋሼ ሳይጨርሱት ነው የመጣሁት። አምስት ቀን በእቴቴ ወገን ነኝ፤ ሁለት ቀን ወደ ጋሼ እከዳለሁ። በርበሬው እያለቀ ነው፤ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ሽሮም ጨምሩበት። ሚጡ፣ ስልክ ላክልኝ ያልሽውን አይቻለሁ። ለጊዜው ብሩሽ ልልክልሽ እችላለሁ።

መብራት አለ? ከሄደ፣ ሲመጣ ወዲያው ደውሉልኝና ስልኩን በመስኮት አውጡት። ምንም አትናገሩ።

ልጃችሁ

ማስታወሻ፦ እቴቴ፣ ማተቤ አለ። እንዴት እንደተረፈ ሚጡ አትነግርዎትም።