ይድረስ ለጋሼ፦ ቦስተንም ፎካሪ አለ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአጎቴ ለጋሼ፤
የጥኖራ፣ ምሥራቅ ጎጃም።

ሰላምታዬ በጮቄ ተራራ ሣር ልክ ይድረስዎ። ገንዘቡን በሚመጣው ወር እልካለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ልጅ ገንዘብ ፍለጋ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳይዘል ነው።

በቀደም እማዬ ደውላ ከጀርባዬ የሚጮኸውን ብትሰማ «ማን ሞተብህ?» ብላ አለቀሰች። ማንም አልሞተም፤ ሙዚቃ ነው። ወሬው ግን ቢቸና ገበያ ውሎ፣ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ሲደርስ «ልጁ አሜሪካ ገብቶ ለየለት» ሆኗል አሉ። ስለዚህ እውነቱን ከእኔው ይስሙት፦ የአይሪሽ ፓንክ የሚሉት ዘፈን ይዞኛል።

ፓንክ፣ ጋሼ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክና ለንደን ላይ የተነሣ የወጣት ሙዚቃ ነው። ጊታሩን እስከ ጥግ ያስጮኹታል፤ ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ይሟገታል። አይሪሾቹና ስኮትላንዶቹ በዚያ ላይ የአያቶቻቸውን መሣሪያ አመጡበት፦ ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ባንጆ፣ ደግሞ ከቆርቆሮ የተሠራ ባለ ስድስት ቀዳዳ ዋሽንት። የስኮትላንዶቹ ባግፓይፕ ይባላል፤ በነፋስ የተሞላ አቅማዳ ብብት ሥር ወሽቆ፣ ቱቦ ሰክቶ፣ በክንድ እየጨመቁ እንደ ማስለቀስ ያለ ነገር ነው። ድምፁ ያምራል ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ወታደሮቻቸው ወደ ውጊያ ሲገቡ የሚነፋላቸው እሱ ነበርና ለማማር አልተሠራም።

ያስለከፈኝ የሌሊት ተራ አብሮኝ ፓርኪንግ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከአየርላንድ መጡ እንጂ እሱ አየርላንድን በዐይኑ አላያትም፤ ስሟ ሲነሣ ግን ዕንባው ይቀድመዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና አይመጣም፣ የሚመጣው እንቅልፍ ነው። የእንቅልፍ ማባረሪያ ብሎ ያሰማኝ ፖግስ የሚባሉትን ነው። የባንዱ የቀድሞ ስም በአይሪሽ ቋንቋ ምን እንደሚል ነግሮኛል፤ ደብዳቤው ቄስ በተቀመጡበት ሊነበብ ስለሚችል ይለፈኝ።

ፖግሶች የተመሠረቱት በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አገራቸው አየርላንድ ሳትሆን ለንደን ናት። ዘፋኛቸው ሼን ማክጋወን የአይሪሽ ስደተኞች ልጅ ነው፤ በ1957 በፈረንጅ ገና ዕለት እንግሊዝ አገር ተወለደ። ልጅነቱን ከእናቱ ዘመዶች ጋር ቲፐራሪ በሚባል ገጠር እየተመላለሰ ዘፈን ለቀመ፤ ሲያድግ ያንን የገጠር ዘፈን ከለንደን ሁካታ ጋር አጋባው። ጠጪ ነበር፣ ጥርሱም አልቆ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ ጥርስ ሲያስተክል አንዱን ወርቅ አስደረገው። ይህን ስሰማ እርስዎን አሰብሁ፤ ወርቅ ጥርስ ያለው ሰው ክፉ ሊዘፍን አይችልም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. አረፈ። በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የድሮ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ቤተሰቡ ተነሥቶ ጨፈረ። ይህን እዚያ እንዳትሞክሩት።

በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስመ ጥር ዘፈናቸው ኒውዮርክ የተሰደዱ ወንድና ሴት በገና ሰሞን የሚሰዳደቡበት ነው። እንግሊዞች በየገናው ይሰሙታል። እኛ ስለ ስደት ስንዘፍን ትዝታ ይዘን እናንጎራጉራለን፣ ከዚያ ሁለት ቀን ምግብ አይበላልንም። እነዚህ ተሰዳድበው፣ ተሳስቀው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እኔ በበኩሌ ስድቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚሁ ቦስተን ሥር ኩዊንሲ ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የተነሡት ድሮፕኪክ መርፊስ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት አንድ የቀድሞ ትግለኛ ሰካራሞችን ያስታምምበት ከነበረ ቤት ነው፤ ከአድማጫቸው ብዙው እዚያ ቤት አልጋ የሚያስፈልገው ይመስለኛል። ስለ ሠራተኛ ማኅበር ይዘፍናሉ። ማኅበር ስል የጥኖራ በደርግ ዘመን ሞዴል የተባለችበት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ትዝ ብሎዎት ደብዳቤውን እንዳይጥሉት፤ የእነዚህኞቹ ማኅበር ደመወዝ ለማስጨመር የሚያድመው ነው። ለጀማሪ ጆሮ ግን የሎስ አንጀለሶቹ ፍሎጊንግ ሞሊ ይሻላሉ፤ ዘፋኙ ዴቭ ኪንግ የደብሊን ልጅ ነው፣ ዜማውም ይያዛል።

መድረክ ላይ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሕዝብ ክብ ሠርቶ ትከሻ ለትከሻ ይላተማል። በትከሻ እኛም አንታማም፤ ልዩነቱ እኛ የራሳችንን ትከሻ እንሰብቃለን፣ እነሱ የሰው ይመታሉ። የጥኖራ ቢሆን ይኼኔ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ደንብ አላቸው፦ ሰው ከወደቀ በዙሪያው ያለው ሁሉ ጭፈራውን ትቶ ያነሣዋል፤ የወለቀ ጫማ ያገኘም ወደ ላይ ከፍ አድርጎ «የማን ነው?» ይላል። አንገቱን ንቅሳት የሞላው አንድ ግዙፍ ሰው እኔን ብድግ አድርጎ አቆመኝ፣ ኮቴን አራገፈልኝ፣ ደኅና መሆኔን ጠየቀኝ፣ ከዚያ መልሶ ገፋኝ። ዘፋኙ ደስ ሲያሰኘኝ ግንባሩ ላይ ብር ልለጥፍለት አስቤ ነበር፤ የእሱ ላብ ግን ብር የሚያጣብቅ ሳይሆን ይዞ የሚወርድ ነው።

የጎጃም ልጅን ለምን ያዘው ያሉኝ እንደሆነ፣ ነገሩ መሬት ነው። የጥንት ዘፈኖቻቸው ስለ መሬት፣ ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ተገደለ ጀግና ናቸው። በ1845 እ.ኤ.አ. ድንቹን በሽታ መታውና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጠው ተሰደደ። ያን ጊዜ ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ እህል በመርከብ ይጫን ነበር። ቦስተንን የሞሏት የእነዚያ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በ1879 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገበሬው በማኅበር ተነሥቶ ለባላባት ኪራይ አልከፍልም እስከ ማለት ደረሰ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ገበሬው ርስቴ ሊለካ ነው ብሎ ቢቸናና ሞጣ ላይ ምን እንዳደረገ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ለሽማግሌው ስተርክለት ወንበሩን አስጠግቶ «ከዚያስ?» አለ።

የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ነገርማ ስነግረው ጭራሽ አልገረመውም። በላይ አባይ በረሃን ይዞ ጣሊያንን ሲፋለም ኖሮ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ ስለው፣ «የእኛም እንዲሁ ነው» ብሎ የ1922 እ.ኤ.አ.ውን የእርስ በርስ ጦርነት ይዘረዝርልኝ ጀመር፤ እንግሊዝን አብረው የተዋጉት ነጻነት ሲቀርብ እርስ በርስ ተረሻሹ። ሁለታችንም ዝም ስንል መኪና መጣ፤ ባለቤቱ በር የሚከፍትለት አጥቶ ጥሩምባ ይነፋል።

ትልቁ በዓላቸው የቅዱስ ፓትሪክ ነው፤ መጋቢት 8 ይውላል። ፓትሪክ በልጅነቱ ተማርኮ አየርላንድ ገባ፣ ባሪያ ሆኖ መንጋ ጠበቀ፣ አምልጦ ሄደ፣ ኋላ ተመልሶ ወንጌል ሰበከላቸው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም በልጅነቱ ተይዞ ነው አክሱም የገባው፤ የእኛ ከእነሱ በመቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል፣ ይህንንም ለሽማግሌው ሳልነግረው አላደርሁም። እኛ አባታችንን በቅዳሴ ስንዘክር እነሱ ቢራውን አረንጓዴ ቀለም ነክረው ነው የሚያከብሩት፤ ያውም ሁልጊዜ ሑዳዴ ላይ። ቢራ ሥጋ አይደለም ብዬ ተጽናንቻለሁ። ልጁ ይህችን መስመር ለእማዬ እንዳያነብላት ይንገሩልኝ።

ለነገሩ የአይሪሽ ፓንክ እኛን ያወቀን ከእኔ በፊት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘፋኞችን አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበልን ቦብ ጌልዶፍ ደብሊን አጠገብ ያደገ፣ ቡምታውን ራትስ የሚባል የፓንክ ዘመን ባንድ ዘፋኝ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ ኮንሰርት አዘጋጀ። እግዜር ይስጠው። ከዚያ በፊት ያወጡት ዘፈን ግን ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነው። ኧረ እናውቃለን ጋሼ! በ13 ቀን ዘግይተን እናከብረዋለን እንጂ ማወቁንስ እናውቃለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፓንክና ሽለላ አብረው ይሄዳሉ፤ በተግባር ታይቷል። የይፋቱ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከአፍ ወስዶ በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው፤ መድረክ ላይም የአርበኛ ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ከሆላንድ ዘ ኤክስ የሚባሉ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ፓንኮች በ2002 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥተው ተጫወቱ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለ25ኛ ዓመታቸው አምስተርዳም ጠሩት። ሄዶ ሰማቸውና አጃቢዎቼ ሁኑ ያላቸው እሱ ራሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ያን ሁሉ የጊታር ጩኸት ከፊቱ አስቀድሞ ይነዳዋል። እነሱ ሽለላውን አላለዘቡበትም፣ እሱም ድምፁን አልቀነሰላቸውም። ከዘረዘርሁልዎት ሁሉ የምመርጠው ይህን ነው።

እንግዲህ ሆላንዶች ይህን ከቻሉ የቦስተን አይሪሾች የሚያቅታቸው ምንድን ነው? ሽማግሌው ባንጆ ይመታል፤ የወንድሙ ልጅ ያንን አቅማዳ ይነፋል። የጎደለው ቀረርቶ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚያወርደው የለም። ስለዚህ እባክዎን ደጅዎ ላይ ቆመው አንድ ያውርዱልኝና ልጁ በስልኩ ይቅረጽልዎ። ውሻው ቢጮህ ግድ የለም፣ ከብቱም ያግሣ። ሠርግ ላይ ግን አይሁን፤ ቪዲዮ ቀራጩ ኢኮ ይጨምርበታል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም አይተወንም። በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ከፋሲካ በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ የእኅትዎ ልጅ፣
ከቦስተን