«ጣዪው» ላላችኋት

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሣር ማጨጃ?»

አይደለም ወንድሜ፤ ሁቨር ጁኒየር ነው። ከረጢቱ እጀታው ላይ የሚንጠለጠል፣ ብሩሹ ሆዱ ሥር የሚሽከረከር፣ ቆመው የሚነዱት የእንግሊዞች ቫኪዩም። ባለቤቷ ጎረቤቴ ናት። ወንድሟ ጆሃንስበርግ ሱቅ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ለመስቀል የመጣ ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣላት ነው። አንተ በየዓመቱ እሷ ቤት ገብተህ አተካናህን የምትበላው ጫማህን አውልቀህ፣ እግርህን ምንጣፉ ላይ ዘርግተህ ነው። ያንን ምንጣፍ ማን ሲያጸዳልህ የኖረ ይመስልሃል?

ማሽኑ ሱቄ ደጃፍ ከቆመ ወዲህ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንድ ነገር ሳይወረውር አይሄድም። ሆሳዕና ላይ አፍ አይሰንፍም። እኔም ሰምቼ የማሳልፍ ሰው አይደለሁም፤ በተለይ ሴትዮዋን «ጣዪው» ብላችሁ ልታስጥሏት ለነበራችሁት መልስ አለኝ።

«ሞተሩ ተቃጥሎ ነዋ!»

የተቃጠለ ሞተር አይጮህም። ይሄ ስፒናውን ስትሰካው ቤቱን ያናጋል። ችግሩ መጮኹ ላይ ሳይሆን አለማንሳቱ ላይ ነው። ስለዚህ ገለበጥኩት። የብሩሹ ሮለር ሁለቱም ጫፍ በክር ታንቋል፦ የነጠላ ጥለት፣ የተፈታ ሹሩባ፣ የደረቀ ቄጠማ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ያልፈነዳ የፈንዲሻ ፍሬ ተቀርቅሮ። በምላጭ እየቆረጥኩ ሳወጣው እፍኝ ሞላ። ከሥሩ ብሩሹ ብቅ ሲል ጠጉሩ አልቆ የሦስት ቀን ጺም መስሏል። የልጄን ማስመሪያ አምጥቼ በአፉ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጋደምኩ፤ ሮለሩንም በእጄ አዞርኩት። ጤነኛ ብሩሽ ሲዞር ማስመሪያውን ጫር ጫር ያደርገዋል። የእሷ ሳይነካው አለፈ። እና ያ ብሩሽ ምንጣፉን የሚነካው በምኑ ነው? አየሩን ሲጠርግ ነው የከረመው። ሞተሩ ምን በወጣው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው።

«በመጥረጊያ ብትጠርገው ምን ትሆናለች?»

ይሄን ያሉኝ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ናቸው፤ መልሴም በአክብሮት ነው። ጋሼ፣ ይህን ነገር የፈጠረው ሰው እኮ መጥረጊያ ያስመረረው ሰው ነው። ጄምስ ስፓንግለር ይባላል፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ ሱቅ የሚያጸዳ፣ አስም ያለበት ሠራተኛ ነበር። አቧራው ደረቱን ሲያፍነው የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ፣ ከፊቱ የሚሽከረከር ብሩሽ አደረገበት። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ መብቱን የገዛው ሁቨር ደግሞ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚሠራ የቆዳ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት አየር ስቦ የሚያጸዳ መሣሪያ ጠፍቶ አልነበረም። የስፓንግለርን ቁም ነገር ያደረገው ብሩሹ ነው። እርስዎ ቤት ያለው ሴራሚክ ነው፤ መጥረጊያ ይበቃዋል። የእሷ ግን ባለ ረጅም ጠጉር ምንጣፍ ነው። ክረምት በጫማ የገባው የሆሳዕና ቀይ ጭቃ፣ በጋ ላይ ደርቆና ልሞ የጠጉሩ ሥር ይተኛል። መጥረጊያ ላዩን አበጥሮት ያልፋል፤ የተኛውን አያስነሳውም።

ጋሼ ዝም አሉ፤ ከዚያ «የልጅ ልጄም ደረቷ ያፍናታል» አሉኝ። ተረቡ እዚያ ላይ አለቀ።

«እሺ ብሩሽ ግዛላት ታዲያ፤ ሁቨር እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው!»

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሁቨር ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም! አንተ ጫማ ልትገዛ ገብተህ «የሰው እግር ስጠኝ» ትላለህ? እኔም ይሄን ቃል አምኜ አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ደውዬ «የሁቨር» ብለው የላኩልኝ ሮለር የሲኒየር ሆኖ ተገኘ። ሲኒየሩና ጁኒየሩ ወንድማማች ናቸው፤ ሮለራቸውም ቺንጋቸውም ግን አይዋዋስም። ገንዘቡም የመኪናው ሒሳብም ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌው ሮለር እጄ ላይ ሳይኖር ስልክ አላነሳም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሊፐር እለካለሁ፤ ጠጉሩ የያዘውን ርዝመት ለብቻው፣ ውፍረቱንም ከነጠጉሩና ያለጠጉሩ። ከርዝመቱ ይልቅ ሰው የሚስተው ጫፎቹን ነው። ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፣ ስድስት ማዕዘን ነው፣ ወይስ አንድ ጎኑ የተላገ ክብ? ቤቱ ውስጥ ገብቶ የሚቆመው በእሱ ነውና ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጫፉ ካልገባ ብረት ገዝተሃል እንጂ ብሩሽ አልገዛህም። የቺንጋው መቀመጫ ደግሞ መሃል ነው ወይስ ወደ ዳር? ስፋቱስ? አንድ ጣት ፈቀቅ ቢል ቺንጋው ጎኑን እየበላ ይበጠሳል። ኩሽኔታውንም ጫፉን ይዤ በጣቴ እገፋዋለሁ፤ በጸጥታ ጥቂት ዞሮ ከቆመ ደህና ነው፣ ከተንኳኳ አልፈልገውም።

«ጠንካራ ጠጉር ያለውን ስጠኝ፣ ጠንካራ ይሻላል» የምትለውም አለህ። ለምን ይሻላል? የበግ ጠጉር ምንጣፍ ላይ ጠንካራ ናይለን ብትለቅበት አቧራውን ትቶ ምንጣፉን ይመልጠዋል፤ ከረጢቱ ሲሞላ «አቤት ሲያነሳ!» ትላለህ፣ የሞላው ግን የገዛ ምንጣፍህ ነው። ለእንዲህ ያለው ለስለስ ያለ ጠጉር ነው የሚሆነው። የማንሳት ሥራው ደግሞ የጠጉሩ ብቻ አይደለም። ሁቨር እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ሮለሩ ላይ ከብሩሹ ጋር የሚያፈራርቀው መምቻ ብረት አለ፤ ብረቱ ምንጣፉን መታ መታ ሲያደርገው የተኛው አፈር ይነሳል፣ ብሩሹ ይጠርገዋል፣ አየሩ ይስበዋል። ባለ ብሩሽ ብቻ ሮለር ሊሸጥልህ የሚታገል ሰው ሲያጋጥምህ «መምቻው የት ሄደ?» በለው።

«እንሰት አገር ተቀምጠን ብሩሽ ከውጭ እናስመጣለን እንዴ? ቃጫ ወትፍበትና ገላግላት!»

ይሄን ያለው የከምባታው ወዳጄ፣ የቶርኖ ባለሙያው ነው። እሱን አልተረብኩትም፤ ሐሳቡ ልቤን ነካው። ቃጫችን ገመድ ሆኖ ስንት በሬ ያሰረ፣ ጆንያ ሆኖ ስንት እህል ያሻገረ ነው። ከዋንዛ እንጨት ሮለር ቶርኖ አወጣልኝ፤ የድሮዎቹም ብዙዎቹ እንጨት ነበሩ። ቀዳዳ በስተን፣ ቃጫውን እየጠቀለልን ወተፍን፣ በመቀስ አስተካከልን፤ ሲያዩት ያምራል። ገጥመን ስናስነሳው ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ይዘል ጀመር። በአንድ በኩል ጥቂት ግራም ከበደ ማለት ነው፤ በደቂቃ በሺዎች ዙር ለሚዞር ነገር ያቺ ጥቂት ግራም መዶሻ ናት። ልገን አስተካከልነው፣ መዝለሉ ቀነሰ። ቃጫው ግን አልቻለም። ሲስቡት ማንንም የሚያሸንፍ ጭረት፣ ሲታጠፍና ሲቃና፣ ሲታጠፍና ሲቃና ተሰነጣጥቆ እንደ ብናኝ ረገፈ፤ በሳምንቱ ማሽኑ የራሱን ብሩሽ ሲያነሳ አገኘነው። ወዳጄ የዋንዛውን ሮለር መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ጠጉሩን በናይለን እንሞክረዋለን ብሏል፤ እኔም አብሬው ነኝ።

ከዱራሜ የደወለችልኝ እህት ጉዳይ ሌላ ነው። የእሷ ከአሜሪካ የመጣ ከርቢ ነው፣ በ110 ቮልት የሚሠራ። «በቀጥታ እንዳትሰኪው! የኛ 220 ነው፣ ያኔ ሞተሩ እውነትም ይቃጠላል» አልኳትና ትራንስፎርመር አስገዛኋት። ብሩሹንም አንድ ሻጭ «አልቋል፣ ለውጪ» ብሏት ነበር። «እስቲ ሮለሩን አውጪና የጫፉ ካፕ ላይ ቁጥር ይኖራል፣ ንገሪኝ» አልኳት። ቁጥር አንድ ላይ ነበር። ከርቢ ጠጉሩ ባጠረ ቁጥር ካፑን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሦስት አዙረህ ብሩሹን ወደ ውጭ የምታወጣበት መላ አለው። ወደ ሁለት አዞረችው፤ ሠራ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ልትገባ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ልኩን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሮለሩን ከማስመሪያው ጎን አጋድሜ ፎቶ አነሳሁ፣ ሞዴሉን ከሆዱ ላይ ካለው ታርጋ ገለበጥኩ፤ እሷም ለወንድሟ በኢሞ ላከችለት። እሱም እዚያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሲዞር ሰንብቶ አገኘው። ሰው ሲመጣ በቦርሳ ላከው፤ ከነቺንጋው፣ ምክንያቱም ብሩሽ ቀይሮ የላላ ቺንጋ መተው ፈረስ ቀይሮ የተበጠሰ ልጓም መተው ነው፤ ምንጣፉን ሲነካ ቀጥ ይላል።

ገጠምኩት። ቺንጋውን ሆዱ ላይ በተሳለው ቀስት መሠረት ጠምዝዤ አስገባሁ፤ በተቃራኒው የጠመዘዝከው እንደሆነ ብሩሹ ወደ ኋላ ይዞራል። ማስመሪያውን አጋደምኩ፣ ሮለሩን በእጄ አዞርኩ፦ ጫር፣ ጫር፣ ጫር። እሷ ከጎኔ ቆማ ነበር። ቤቷ ወስደን ምንጣፉን ሁለት ጊዜ ሄድንበትና ከረጢቱን ጋዜጣ ላይ ደፋነው። ቀይ አፈር። ጣቷን ነክታ አሸችው፤ «ይሄ ሁሉ ሥሩ ነበር?» አለች። ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለችና ስልኩን ወደ ጋዜጣው አዙራ አሳየችው።

ማታ የሣር ማጨጃው ሰውዬ ሱቄ መጣ፣ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስማ፣ እህቴ ዘንድም አንድ አሮጌ ቫኪዩም አለ፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ። ብሩሽ ታገኝለታለህ?»

«ሮለሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?»

«እሱን እንኳ አላየሁም።»

ካሊፐሩን ሰጠሁት።